ለሞያሌ የተረፈችው ደቂቃ

ሩሐማ በመምህሯ ስልክ ደውላ «አባዬ፣ አንተ እንዳትመጣ፤ እዚያው ሞያሌ ሆነህ ስማኝ» ባለች ጊዜ፣ ገለታ እሺ ብሎ ስልኩን ለሚስቱ አቀበለ። አየለች ከልጇ ጋር ስለ ምግብና ስለ ብርድ ልብስ ተነጋግራ ከጨረሰች በኋላም ስልኩን ከጆሮዋ ሳታወርድ ቆየች።

«አፍራብን ነው» አለች በመጨረሻ።

ገለታ መፍቻውን አነሣ። ከፊቱ ሆዱ ተከፍቶ የተቀመጠ ሬዲዮ ነበር፤ ወደ እሱ ጎንበስ አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሩሐማ ናይሮቢ ባለ አንድ የሴቶች አዳሪ ትምህርት ቤት ከገባች ሦስተኛ ዓመቷ ነው። ትምህርት ቤቱ ሁለት ዓመት ሙሉ ደብዳቤ ሲጽፍ ከርሞ አንድ ነገር ተፈቀደለት፤ አሥር ተማሪዎች፣ ከምድር በላይ አራት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብላ ከምትዞረው የጠፈር ጣቢያ ጋር በሬዲዮ እንዲነጋገሩ። ጣቢያዋ ላይ ሰባት ሰዎች አሉ። ከሰባቱ አንዷ፣ ገና ከሦስት ሳምንት በፊት ከሦስት ባልደረቦቿ ጋር በመንኮራኩር የወጣች ጠፈርተኛ፣ ለልጆቹ ትመልሳለች። ጣቢያዋ ከአንድ ከተማ ሰማይ ገብታ እስክትወጣ ያለው ጊዜ አሥር ደቂቃ ቢሆን ነው። አሥር ደቂቃ፣ አሥር ጥያቄ። አሥረኛዋ ጠያቂ ሩሐማ ናት። ወላጆችም ተጋብዘዋል።

አየለች ግብዣውን በሰማች ማግሥት ለባሏ ኮት አመጣች። ሥራዋ ከኢትዮጵያው ሞያሌ ልብስ እያሻገረች በኬንያው ሞያሌ መሸጥ ነውና ኮት አይቸግራትም። ግራጫ ነበር፣ የኪሱ ስፌት ገና ያልተፈታ። አሁን ያ ኮት ምስማር ላይ ተንጠልጥሎ ሁለቱንም ያያቸዋል።

«የነዚያ ልጆች አባቶች በመኪና ነው የሚመጡት» አለች አየለች፣ ድምጿን ሳታነሳ። «አንተ በሌሊት አውቶቡስ አቧራ ለብሰህ ልትደርስ ነው። የቀለጠ እርሳስ የበሳሳው እጅጌህን ታውቀዋለች። ልጅ ናት፣ አልፈርድባትም። ግን አፍራብን ነው።»

«እንደዚያ አይመስለኝም» አለ ገለታ።

አይመስለኝም ማለቱ እውነት ነበር። ያቺ የሚስቱ ቃል ግን ጫማ ውስጥ እንደገባች ጠጠር ሆነችበት። ሲቀመጥ ይረሳታል፣ ሲራመድ ትወጋዋለች።

ሞያሌ ውስጥ «ፉንዲ ገለታ» ይሉታል። ፉንዲ ማለት በዚያ አገር የተሰበረን ሁሉ የሚጠግን ባለ እጅ ነው፤ ብረት በያጁም፣ ልብስ ሰፊውም ፉንዲ ነው። ሬዲዮ ወይም ስልክ ይዞ «ፉንዲው የት ነው?» ያለ እንግዳ ግን የሚላከው ወደ እሱ ነው። በሰማንያ ሦስት መንግሥት ሲለወጥ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ሆኖ ከእናቱ ጋር ድንበሩን በእግሩ የተሻገረ ስደተኛ ነበር። ትምህርቱ ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም። እንግሊዝኛን ያስተማረው ሬዲዮ ነው። ሬዲዮን ያስተማረው ደግሞ የተበላሸ ሬዲዮ።

ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ከአንድ ሹፌር የእጅ መገናኛ ሬዲዮ ገዛ። አንድ ረፋድ ላይ ሲፈትሻት፣ ሽሽ ከሚለው ባዶ አየር መሃል የሰው ድምፅ ወጣ። ሰውየው ስለ ደመና ነበር የሚያወራው፤ ደመናውን የሚያየው ግን ከላይ ሆኖ ነው። ገለታ መፍቻውን አስቀምጦ፣ ሰውየው ድምፁ ቀጥኖ እስኪጠፋ ድረስ ሳይንቀሳቀስ ሰማው። ከዚያ ቀን ወዲህ ያዳምጣል። ጣቢያዋ የምታልፍበትን ሰዓት ከስልኩ እየገለበጠ በደብተር ይጽፋል። ሰዓቱ ሲደርስ የግንበኛ ሜትር ቆራርጦ በውሃ ቧንቧ ላይ ያሰረውን አንቴና ይዞ በረንዳው ላይ ይቆማል። ጎረቤቶቹ አንቴናውን «የበግ ጎድን» ይሉታል። ብዙውን ጊዜ የሚሰማ የለም። አንዳንዴ ሦስት ወር፣ አንዳንዴ አምስት ወር ባዶ አየር ብቻ። እሱም ደብተሩ ላይ «ዝም» ብሎ ይጽፋል፤ ቀኑንና ሰዓቱን ያስከትላል።

ተናግሮባት አያውቅም። በዚያች ሬዲዮ ለመናገር የመንግሥት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ለመስማት ግን ማንም አይከለክልም። ስለዚህ በገዛት ሳምንት የመናገሪያዋን ቁልፍ ነቅሎ ጉድጓዱን በሙጫ ደፈነው። ለምን እንዲህ እንዳደረገ አየለች ስትጠይቀው፣ «እጄ እንዳይፈተን» አላት። በሃይማኖቱ ብዙ ወሬ የሌለው ሰው ነው። ሬዲዮዋን ከመክፈቱ በፊት ዓይኑን ለአፍታ ይጨፍናል፤ የሚጸልየውን የሚያውቅ እሱና ፈጣሪው ናቸው።

«አሥራ አንድ ዓመት ታዳምጣቸዋለህ» ትለዋለች አየለች፣ ልትነካካው ስትፈልግ። «አንድ ቀን ጠርተውህ ያውቃሉ?»

«እኔን ብለው አይደለም እኮ የሚያወሩት» ይላታል። ወሬው እዚያ ላይ ያልቃል።

እሑድ ሩሐማ እንደገና ደወለች። ጥያቄሽ ምንድን ነው ቢላት አልነግርህም አለች። ያንቺን ድምፅ እኮ አልሰማም አላት፤ የልጆቹ ድምፅ ከናይሮቢ ወደ ላይ ይወጣል እንጂ ሞያሌ አይደርስም፣ ለእሱ የሚደርሰው ከላይ የሚወርደው የሴትዮዋ መልስ ብቻ ነው።

«እሱማ ገብቶኛል» አለች ሩሐማ። «ከመልሱ ታውቀዋለህ።»

ከዚያ በኋላ ምክር ጠየቀችው፤ ፈርታለች። ገለታ የሚያውቀው ምክር አንድ ብቻ ነበር። ወደ ጥገና ሱቁ የሚመጣ ቦረና የተበላሸ ስልኩን ከማውጣቱ በፊት ሰላሙን ሁሉ ይጠይቃል፤ ሰው ሰላም ነው ወይ፣ ቤት ሰላም ነው ወይ፣ ከብት ሰላም ነው ወይ። ስልኩ የሚወጣው ከዚያ ወዲያ ነው። ሩሐማም በዚያ ሱቅ ነው ያደገችው።

«ሰው ሳታናግሪ ሰላምታ ስጪ» አላት። «የትም ይሁን የት፣ ሰው ነው። ሰላምታ ከሰጠሽ ፍርሃቱ ይለቅሻል።»

እሺ አባዬ አለች።

ማክሰኞ ጠዋት ገለታ ሱቁን ከፈተ፣ ሬዲዮዋን ከአንድ አሮጌ ቴፕ ድምፅ ማጉያ ጋር አገናኘ፣ ቴፑ ውስጥ አዲስ ካሴት ከተተ። ከዚያ ወደ ቤት ተመልሶ ግራጫውን ኮት ለብሶ መጣ። ፀሐዩ ገና በሦስት ሰዓት ቆርቆሮውን ያንጫጫል። አየለች ከሱቁ ደጅ ዕቃዋን ዘርግታ ከምትሸጥበት ቀና ብላ አየችው፣ ተነሥታም መጥታ የአንገትጌውን ክር በጥርሷ በጠሰችለት።

አንድ ነገር ቀርቶታል። ከሱቁ ግድግዳ ወዲያ የጎልቻ የብየዳ ቤት ነው። ጎልቻ ብረት መበየድ ሲጀምር ሬዲዮዋ ውስጥ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ በረዶ ይመስል ይንኳኳል፣ ሌላ ነገር አይሰማም። ገለታ ለሩብ ሰዓት እንዲያቆምለት ከትናንት ጀምሮ ነግሮታል፤ ጎልቻም ለሩሐማ ከሆነ ግማሽ ቀን አቆማለሁ ብሏል። ግን ያን ጠዋት ቢራቱ የሚባል ሹፌር ቦሎቄ ጭኖ ከኢትዮጵያ ሲገባ የተጎታቹ በር ማጠፊያ ተሰብሮበት ኖሮ፣ ጎልቻ ደጅ ቆሞ ይቁነጠነጣል። አምስት ሰዓት ሳይሞላ ካልወጣሁ ማርሳቢት ሳልደርስ ይመሽብኛል ይላል።

ገለታ ሄዶ ለመነው። ቢራቱ ከእግሩ እስከ ራሱ አየው፤ ኮቱ ላይ ሲደርስ ሳቁ መጣ።

«ጋሼ፣ ሙሽራ ነዎት እንዴ? ለሬዲዮ ተብሎ መኪና ሲቆም ዛሬ ማየቴ ነው። እኔ ናይሮቢ የሚጠብቀኝ ሰው አለ።»

«እኔም አለኝ» አለ ገለታ። «ልጄ ናት።»

ቢራቱ ጎልቻን አየ። ጎልቻ የብየዳውን መያዣ መሬት ላይ አስቀምጦ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፋ። ሹፌሩ ሰዓቱን አየና፣ በሉ እስቲ ልጅቷን እንስማት ብሎ ራሱም ተከትሎ መጣ።

ገለታ የነገረው ለጎልቻ ብቻ ነበር። ጎልቻ ግን ለግመል ወተት ሻጯ ለሙጂባ ነገራት፤ ለሙጂባ የተነገረ ነገር ዙሪያው ያሉት መንደሮች ኦዳም ጎዶማም በአንድ ቀን ይደርሳል። አራት ሰዓት ሲሆን ሱቁ ደጅ ሃያ የሚያህል ሰው ቆሟል። ሻሮ የሚባሉ ከቦሪ መንደር ለከብት መድኃኒት የመጡ ሽማግሌ ሳይቀሩ በዱላቸው ተደግፈው ይጠባበቃሉ።

ገለታ ባንኮኒው ላይ ባለው አቧራ በጣቱ መስመር አሰመረላቸው። ጣቢያዋ የምትመጣው ከደቡብ ምዕራብ ነው። መጀመሪያ ናይሮቢ፣ ቀጥሎ ሞያሌ። በሹፌር አንድ ቀን የሚፈጀውን መንገድ እሷ በአንድ ደቂቃና በጥቂት ሴኮንድ ትጨርሰዋለች። ስለዚህ ከናይሮቢ ከደቂቃ በላይ ዘግይተን እንሰማታለን፤ እነሱ ካጧት በኋላም ከደቂቃ በላይ ከኛ ጋ ትቆያለች።

«መጀመሪያው ይቀርብናል፣ ጭራው ይተርፈናል» አለ።

«ደቂቃ ምን ታደርግልዎታለች?» አለ ቢራቱ።

ገለታ ዓይኑን ጨፈነ፣ ከፈተ፣ ሬዲዮዋን ከፈተ። የቴፑን ቀዩን የመቅጃ ቁልፍ ተጫነ። አንቴናውን ወደ ደቡብ ምዕራብ፣ በጣራዎቹ ላይ አነጣጠረ።

ባዶ አየር። አራት ሰዓት ከአሥራ ሁለት አለፈ። ናይሮቢ አሁን ጀምራለች። የገለታ ክንድ አልተንቀጠቀጠም፤ አሥራ አንድ ዓመት የለመደው ነገር ነው። ከዚያ ሽሽ የሚለው ድምፅ ሳሳ፣ እንደ መጋረጃም ተከፈተ፤ ከመሃሉም የሴት ድምፅ፣ ጎረቤት ቆማ እንደምታወራ ጥርት ብሎ ወጣ።

ሰዉ ሁሉ ወደ ቆርቆሮው ቀና አለ። ሴትዮዋ ጣራው ላይ ያለች ይመስል።

ጥያቄው አይሰማም፤ መልሱ ብቻ ነው። ገለታ ጆሮውን ለሴትዮዋ፣ አፉን ለጎረቤቶቹ ሰጥቶ ይተረጉማል። ግድግዳ ላይ በታሰረ ከረጢት ውስጥ ነው የምንተኛው፣ ላይና ታች የሚባል ነገር የለም አለች። ስለ መኝታ ነው የጠየቋት አሉ ሰዎቹ። ከትንፋሻችንም ከሽንታችንም ውሃ አጣርተን እንጠጣለን፣ ጠብታ አንደፋም አለች። ሻሮ ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ፤ ድርቅ ታውቃለች ማለት ነው አሉ። በቀንና ሌሊት ውስጥ ፀሐይ አሥራ ስድስት ጊዜ ስትወጣ እናያለን አለች። እዚህ ላይ ሙጂባ የወተት ጀሪካኗን አስቀምጣ በጣቷ መቁጠር ጀመረች።

«እንግዲህ ለየቀኑ አምስት ስትሰግድ ሰላቷ ሰማንያ ሊሆን ነው» አለች። «አላህ ያቅልልላት። መቼ ሥራ ትሠራለች?»

ደጁ በሳቅ ሞላ። ገለታም ሳቀ፤ ሳቁ ግን ለአፉ ብቻ ነበር። የሚቆጥረው ሌላ ነገር ነው። ሰባተኛው መልስ ላይ አራት ሰዓት ከአሥራ ዘጠኝ ሆኗል። ስምንተኛዋ ልጅ የጠየቀችው ምን እንደሆነ እንጃ፣ ሴትዮዋ ስለ መንኮራኩሩ መነሣት አወራች፤ ደረቷ ላይ በሬ እንደተቀመጠባት ያህል ከብዷት ነበር፣ ከዚያ በድንገት ክብደት የሚባል ነገር ጠፋ፣ እርሳሷም ከፊቷ ተንሳፈፈ። ጥሩ መልስ ነበር፣ ግን ረጅም ነው። ዘጠነኛው ሲያልቅ ከሃያ አንድ አልፎ ነበር። ናይሮቢ የቀራት አንድ ደቂቃ እንኳ አይሞላም።

ሬዲዮዋ ዝም አለች። አሁን ሩሐማ እየተናገረች ነው። ገለታ ያንን ዝምታ በሙሉ አካሉ ሰማው።

ሴትዮዋ ተመለሰች፤ ድምፅዋ ውስጥ ፈገግታ ነበር። ገለታ ሰማ፣ መተርጎሙን ግን ረሳ።

«ምን አለች?» አለች አየለች። «ገለታ፣ ምን አለች?»

«ሰላም ነው አለች» አለ ቀስ ብሎ። «ሰዎቹ ሰላም ናቸው፣ ሰባታችንም ሰላም ነን። ቤቱም ሰላም ነው። ከብት እንኳ የለንም፤ የተከልናቸው ጥቂት ቃሪያዎች አሉ፣ እነሱም ሰላም ናቸው አለች።»

ሻሮ ዱላቸውን መሬት ላይ ወጉ። ሙጂባ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ያዘች። ማንም ማብራሪያ አልፈለገም። በዓለም ላይ ከዚህ አገር ልጅ በቀር፣ የሚያልፍን ሰው ከብትህ ሰላም ነው ወይ ብሎ የሚጠይቅ የለም።

«የኛዋ ናት» አለ ጎልቻ። «አሳዳጊ አላት።»

የገለታ ደረት ሞላ። ወዲያው ግን ሰዓቱን አየ፣ የሞላውም ፈሰሰ። ልጅቷ ሰላምታውን ሁሉ አሟልታ ሰጥታለች። ሰው፣ ቤት፣ ከብት። ምክሩን ሰምታለች፤ ምክሩም ጊዜዋን በልቶባታል። ሬዲዮዋ እንደገና ዝም ስትል፣ አሁን ጥያቄውን እየጠየቀች ነው አለ በልቡ፤ ናይሮቢ የቀራት አሥር ሴኮንድ ነው።

ሴትዮዋ አንድ ቃል ጀመረች፣ አቆመች። ናይሮቢ፣ ይሰማችኋል? አለች። ጠበቀች። ናይሮቢ? አለች እንደገና። ከዚያ ዝም።

ዝምታው ረዘመ። አለቀ አለ አንዱ። ሄደች አለ ሌላው። ሰዉ እግሩን ማንቀሳቀስ ጀመረ። ሙጂባ ጀሪካኗን አነሣች። ሁሉም የየራሱን ወሬ ጀመረ፣ ስለ ቃሪያውም ስለ ሰማንያው ሰላትም። ጎልቻ መነጽሩን ወደ ዓይኑ አውርዶ ወደ ብየዳ ቤቱ ዞረ።

ገለታ ግን አንቴናውን አላወረደም። ወደ ሰሜን ምሥራቅ ዞሯል፤ ዝቅ፣ አሁንም ዝቅ፣ ጣቢያዋ የምትወርድበትን ሰማይ ተከትሎ። ጣቢያዋ ራሷ ከመጥፋቷ በፊት ሬዲዮ ዘግቶ አያውቅም። «ዝም» ብሎ የሚጽፈው እንኳ እስከ መጨረሻው ጠብቆ ነው። ነጻ እጁን ወደ ጎልቻ ዘረጋ፤ ጎልቻ ጀርባውን ሰጥቶ ስለነበር አላየውም። ያየው ቢራቱ ነው። ሹፌሩ በሁለት እርምጃ ደርሶ የበያጁን ክንድ ያዘ።

«ቆይ» አለው። «ሰውየው ገና ነው።»

ያን ጊዜ ድምፅዋ መጣ። ከቅድሙ ቀጥኗል፣ ባዶው አየር ከጎን ከጎኑ እየበላው ነው፤ ቃሉ ግን ይለያል።

«ናይሮቢ የሚሰማኝ አይመስለኝም» አለች ሴትዮዋ በእንግሊዝኛ። «ግን እንዲህ ያለ ሰላምታ የሰጠችኝን ልጅ ሳልመልስላት አልሄድም። ምናልባት የሚሰማ ይኖራል። ልጄ፣ አባትሽ ሞያሌ ሆኖ አሥራ አንድ ዓመት እንዳዳመጠን፣ ተናግሮ ግን እንደማያውቅ ነግረሽኛል። ስታልፉ እሱ ከታች እንዳለ ታውቃላችሁ ወይ ብለሻል። እውነቱን ልንገርሽ፤ አናውቅም ነበር። እዚህ የመጣሁ ሰሞን ሬዲዮውን ይዤ ሰላም ብል መልስ የሚሰጥ አጣሁ። አለቃዬ፣ የሚመልስ ባይኖርም ደህና አድርገሽ ተናገሪ፣ የሚሰማ አይጠፋም አለኝ። ያኔ ለማጽናናት ያለኝ መስሎኝ ነበር። የሞያሌው አባት፣ እንደምን አደሩ። ከዛሬ ጀምሮ በዚያ ሳልፍ ሰላም እልዎታለሁ። መመለስ የለብዎትም።»

ሌላም ነገር አለች፣ ባዶው አየር ወሰደው። ከዚያ መጋረጃው ተዘጋ።

እንግሊዝኛውን የተረዳ ከገለታ በቀር እዚያ አልነበረም። ነገር ግን «ሞያሌ» ብላለች፤ አንዴ አይደለም፣ ሁለቴ። ያንን ለመረዳት ማንም አስተርጓሚ አላስፈለገውም። ሃያው ሰው ገለታን ያያል፤ ገለታ በኮቱ እንዳለ አንቴናውን ወደ ባዶ ሰማይ ይዞ ቆሟል፤ አውራ ጣቱ ሬዲዮዋ ጎን ላይ ሙጫ የደፈነውን ጉድጓድ ይዳስሳል።

«ምን አለች?» አለች አየለች፣ እንደገና።

ሊነግራት አፉን ከፈተ፣ ድምፅ አልወጣውም። አንቴናውን ለቢራቱ አስያዘው፤ ሹፌሩም ሕፃን እንዳቀበሉት ሰው በሁለት እጁ ያዘው።

ስልኩ ጮኸ። የሩሐማ መምህር ፍራንሲስ ነው። ሚስተር ገለታ፣ ፖሌ ሳና አለ፤ በስዋሂሊ በጣም አዝናለሁ ማለቱ ነው። ልጅቷ ጥያቄዋን ሳትጨርስ ሊቋረጥ ነበር፣ ደግነቱ ጨረሰች፣ መልሱ ግን ሳይመጣ መስመሩ ጠፋ። አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት ነው የሆነው። ራሷ ታናግርህ ብሎ ሰጣት።

«አባዬ» አለች ሩሐማ። አልቅሳ እንደጨረሰች ያስታውቃል። «ጊዜውን በሰላምታ ጨረስኩት። ጥያቄው ላንተ ነበር። እንዳትመጣ ያልኩህም ለዚያ ነው፤ አንተ እዚህ ከሆንክ እዚያ ማን ይሰማል? ሴትዮዋ ደግሞ አልመለሰችልኝም።»

ገለታ ወደ ቴፑ ዞረ።

«መልሳልሻለች» አለ።

«እንዴት? ተቋርጦ እኮ ነው።»

«እናንተ ጋ ነው የተቋረጠ። መምህርሽን ስልኩን ለሁሉም በሚሰማበት አድርገው በይው።»

ካሴቱን ወደ ኋላ አጠነጠነ። ሁለቴ አሳለፈው፤ ሦስተኛው ላይ «ናይሮቢ?» የሚለው ድምፅ ላይ አረፈ። ስልኩን ከድምፅ ማጉያው አስጠጋ። ከሰማይ ወደ ሞያሌ የወረደው ድምፅ ከሞያሌ ወደ ናይሮቢ ሄደ። መንገዱ ረጅም ነው፣ ካሴቱ ያረጀ ቴፕ ውስጥ ነው ያለው፣ ስልኩም ያፍናል፤ ቢሆንም አዳራሹ ጸጥ ማለቱ በስልኩ ውስጥ ይሰማል። መልሱ አለቀ። ከዚያ የብዙ ሰው ጭብጨባ መጣ፤ የስልኩ ድምፅ ማጉያ ግን ትንሽ ስለሆነ ሞያሌ የደረሰው ደረቅ ቅጠል ላይ እንደሚወርድ ካፊያ ሆኖ ነው። ሚስተር ፍራንሲስ በማይክሮፎን ለወላጆቹ ሲናገር ሰሙት፤ የጎደለው መልስ ሞያሌ ተገኝቷል፣ የያዘውም የተማሪዋ አባት ነው አለ።

አየለች ስልኩን ከባሏ እጅ ወሰደች።

«ሩሐማ፣ አባትሽ አፉ ተይዟል። ሴትዮዋ ምን አለች? አንቺ ንገሪኝ።»

ሩሐማ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገረቻት። አየለች ቃል ሳታስገባ ሰማች፤ እንደዚያ ስትሰማ ገለታ አይቷት አያውቅም። «አፍራብን ነው» ያለችውን እሷም እሱም አላነሡትም፤ መነሣትም አላስፈለገውም። ስልኩን ስትዘጋ ከጆሮዋ ቶሎ አወረደችው። ለሙጂባና ለሻሮ፣ ለጎልቻና ለሹፌሩ ቆማ ከልጇ የሰማችውን ነገረቻቸው። የጠፈርተኛዋ አለቃ ያለውን ስታደርስ ድምጿ ተሰበረ፣ አስተካከለችው።

ወደ ባሏ ዞረች።

«ጠሩህ» አለችው።

«ጠሩኝ» አለ ገለታ።

ሻሮ ቀረብ ብለው ከገለታ ጋር ተጨባበጡ፤ ሰው ሰላም ነው፣ ቤት ሰላም ነው፣ ሰማዩም ሰላም ነው ብለው ወደ መድኃኒት ቤቱ ሄዱ። ቢራቱ አንቴናውን ሲመልስ ለአፍታ ቆመ። ሰዓቱን አላየም። ሌላ ጊዜ በዚህ ሳልፍ፣ ሴትዮዋ የምታልፍበትን ሰዓት ትነግሩኛላችሁ ወይ ሲል ጠየቀ። ገለታ ከደብተሩ ላይ ጽፎ ሰጠው፤ ሹፌሩም ወረቀቱን ከመንጃ ፈቃዱ ጋር አጠፈው።

ከግድግዳው ወዲያ ጎልቻ መበየድ ጀመረ። ሬዲዮዋ ውስጥ በረዶ ወረደ። ገለታ ዘጋት። ደብተሩን ከፍቶ ቀኑንና ሰዓቱን ጻፈ፣ «ዝም» ከሚለው ቃል ዓምድ ሥር ግን እስክሪብቶውን አቆየው፣ ከዚያ «እንደምን አደሩ» ብሎ ጻፈ። ካሴቱን አወጣ። በትንሿ መፍቻ ከጀርባው ያሉትን ሁለት የላስቲክ ጥርሶች አንድ በአንድ ሰበራቸው፤ ከእንግዲህ ማንም ላዩ ላይ ሌላ ድምፅ መቅዳት አይችልም። ከዚያም የኮቱን ኪስ ስፌት በመፍቻዋ ጫፍ ፈታና ካሴቱን እዚያ ከተተው።